ከዱርቤቴ ማሳ እስከ ጣና ዳር፦ በአጨዳ ወቅት ወፎችን ፎቶ ማንሳት

ከኅዳር እስከ ጥር ካሜራ ይዘው ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ፎቶ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሰፊ ቢጫ ማሳ፣ በመካከሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ነጥቧም ጀርባዋን ሰጥታ የምትሸሽ ቆቅ ናት። ሌንሳቸው ያጠረ ይመስላቸውና ገንዘብ አጠራቅመው ረዘም ያለ ይገዛሉ። በዓመቱ ያችው ነጥብ ትንሽ ጎላ ብላ ትመጣለች፤ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታለች። ጉድለቱ ያለው የቆሙበት ቦታ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ በዱርቤቴ ዙሪያ በደቡብ አቸፈር ማሳዎች፣ ከዚያም ወረድ ብሎ በጣና ዳር ረግረጎች ቆቅን፣ ድርጭትን፣ ጅግራን፣ ዝይንና ሽመላን ፎቶ ለማንሳት ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። በእንግሊዝ አገር ባለርስቶች ወፍ ለመተኮስ ሲወጡ ቁጥቋጦውን በዱላ እየመቱ ወፉን የሚያስነሱላቸው ሰዎች ይቀጥራሉ፤ ፎቶ አንሺውም የሚቆምበትን ቦታ የሚያሰላው ከእነዚያ ሰዎች አካሄድ ነው። በእኛ ማሳ ይህን ሥራ ሳያስቡት የሚሠሩት ደቦ የወጡ አጫጆች ናቸው። ማጭዱ እየገፋ ሲመጣ እህሉ ውስጥ የተሸሸገው ወፍ ይነሳል። የሚተኩስ የለም፤ ወፉ ተነስቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ እርስዎም ፎቶዎን ይዘው ይቀራሉ። ለዚህ የአጨዳውን አካሄድ ማወቅና ከአጫጆቹ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

1. ወቅቱን፣ ዕለቱንና ሰዓቱን ይምረጡ

በአቸፈር በቆሎው ቀድሞ ይሰበሰባል፤ ዳጉሳውና ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ከሩሲያና ከሌሎች የሰሜን አገሮች የሚመጡት ግራጫ ሽመላዎች ደግሞ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ደርሰው እስከ የካቲት ገደማ በጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ከድርጭቶቹም ብዙዎቹ በዚሁ ወቅት ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማግኘት የሚሻለው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ቀደም ብለው ከሄዱ እህሉ ገና ስላልታጨደ ወፉን ይሸፍንብዎታል። ከዘገዩ ደግሞ ማሳው ከብት ተለቆበት ያገኙታል፤ ቆቋም መሸሸጊያ ስታጣ ወደ ቁጥቋጦውና ወደ ገደላገደሉ ትሄዳለች።

ዕለቱን ሲመርጡ የበዓል ቀኖችን አይዘንጉ። ገበሬው በእሑድና በሚያከብራቸው ወርኃዊ በዓላት ማጭድ አያነሳም። ኅዳር 12 በሚካኤል፣ ኅዳር 21 በጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 በገብርኤል አጨዳ አገኛለሁ ብሎ መንገድ መጀመር ድካም ነው። ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዱ አካባቢ ከደብሩ ታቦት ጋር የተያያዘ የራሱ በዓል አለው፤ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። የበዓል ቀን ከገጠመዎት ግን ቀኑን ለሽመላ ይስጡት፤ ሰው በሌለበት ማሳ ሽመላ ተረጋግቶ ይመገባል።

በእነዚህ ወራት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥሩው ብርሃን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ብዙ ገበሬዎች ጤፉ እንዳይረግፍ ጤዛው ሳይደርቅ ማጨድ ስለሚመርጡ ሥራውና ብርሃኑ ይገጣጠማሉ፤ ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ዕድል ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ መሬቱ እየጋለ ሲሄድ ከማሳው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ረዥም ሌንስም ያንን መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። በእኩለ ቀን የተነሱ ፎቶዎች ሁሉ ሲደበዝዙ ሌንሱ ተበላሸ ብለው ለጥገና የሚወስዱ አሉ፤ ሌንሱ ምንም አልሆነም። በዚያ ሰዓት ካሜራውን አስቀምጠው ጥላ ሥር ይረፉ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይመለሱ።

2. ቦታውን በዋዜማው ይዩ

ዱርቤቴ የምትገኘው በዋናው አስፋልት ላይ፣ ከመራዊና ከወተት ዓባይ አልፎ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሳው የሕዝብ ትራንስፖርት ፀሐይ ሳትወጣ ማሳ ላይ አያደርስዎትም፤ ስለዚህ እዚያው ዱርቤቴ ወይም መራዊ ይደሩ። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ከአሽከርካሪዎችና ከአካባቢው ሰዎች ይጠይቁ፤ ባለፈው ሳምንት የሰሙት ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

የሚመርጡት ቦታ በሚፈልጉት ወፍ ይወሰናል። ለቆቅና ለድርጭት በዱርቤቴ ዙሪያ ያሉ፣ በአንድ በኩል ቁጥቋጦ ወይም የጅረት ዳር የሚያዋስናቸው የዳጉሳና የጤፍ ማሳዎች ይበልጣሉ። አራት ማዕዘኑ ሁሉ ባዶ የሆነ ማሳ ለፎቶ አይመችም፤ ወፉ ወዴት እንደሚሸሽ አይታወቅማ። በመራዊ በኩል የቆጋ ግድብ እስከ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ በመሆኑ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚያ ለምለም ቦታ አይጠፋም፤ ዝይና ዳክዬ የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ጎራ ይበል። ለሽመላ ደግሞ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገባበት አካባቢ ያለው የጭምባ ረግረግና በዘጌ መንገድ ያለው ይጋንዳ ይመረጣሉ። የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ በረግረጎቹ ውስጥ እንደፈለጉ መግባት ተገቢ አይደለም።

በዋዜማው ማታ ወደ ማሳው ሲሄዱ ካሜራ ባይዙ ይሻላል። ካሜራ ከያዙ ፎቶ ማንሳት ይጀምራሉ፣ ፎቶ ማንሳት ከጀመሩ ማየት ያቆማሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆቅ ከየትኛው ጥግ እንደምትጮህ ያዳምጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ጥግ ብዙ አትርቅም። በማሳው ድንበር ላይ ላባ የወደቀበት፣ ልምና ጎድጎድ ያለ አፈር ካዩ ጅግራ ወይም ቆቅ በአቧራ የሚታጠቡበት ቦታ ነው። ጅግራ የምታድረው ዛፍ ላይ ስለሆነ የማደሪያ ዛፏን ካወቁ በማግስቱ ከዛፉ ወርዳ በሰልፍ ወደ ማሳው የምትሄድበትን መስመር አገኙ ማለት ነው።

3. ፈቃድ ይጠይቁ፣ ማንነትዎን ያሳውቁ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ጉዟቸውን ብቻ ሳይሆን ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን ፎቶ አንሺ ዕድልም ያበላሻሉ። መጀመሪያ የቀበሌውን አስተዳደር ያነጋግሩ፣ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ለሥራ የሚያነሱ ከሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ ይዘው በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ይለፉ። ከዚያ ደቦውን የጠራውን የማሳውን ባለቤት ያግኙ። ፈቃዱ የእሱ ነው፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱ «ግባ» ስላለ አይግቡ።

ወደ አጫጆቹ ሲጠጉ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። «እንደምን አደራችሁ፣ ያበርታችሁ» ብለው ቆመው ምላሽ ይጠብቁ። ሽማግሌ ካሉ «አባቴ» ብለው ቀድመው ለእሳቸው ይናገሩ። የመጡበትን ነገር በግልጽ ያስረዱ፤ «ድርጭት ስትነሳ ፎቶ ላነሳ ነው፣ ሥራችሁን አላስቆምም፣ እህሉን አልረግጥም» ካሉ የማይገባው ገበሬ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ምክር ነው፤ ድርጭቷ የት እንደምትበዛ፣ ትናንት ከየትኛው ጥግ እንደተነሳች ይነግሩዎታል። ከዚህ የበለጠ መረጃ ከየትም አያገኙም።

አለባበስዎ ላይ አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። የውጭ አገር የወፍ ፎቶ አንሺዎች ቅጠልማ ልብስና ቅጠልማ የሌንስ ሽፋን ይለብሳሉ። እዚህ ፈጽሞ አያድርጉት። የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር ለብሶ፣ ረዥም ጥቁር ነገር አነጣጥሮ ቁጥቋጦ ሥር የተኛ ሰው ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያስቡ። አፈር መሰል ወይም ግራጫ ተራ ልብስ ለወፉም ይበቃል፤ ወፍ ከቀለም ይልቅ እንቅስቃሴን ይፈራል። ካሜራውን ወዳልፈቀደ ሰው፣ ወደ ድልድይ፣ ወደ ግድብ፣ ወደ ኬላና ወደ ጸጥታ ኃይሎች አያዙሩ። ድሮን የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለወፍም ጭንቀት ስለሆነ ቤት ይተዉት።

በዚሁ ደረጃ ከመንደሩ ልጆች ጋር የሚደረግ ንግግርም አለ። ፎቶ አንሺ ሲያዩ በወጥመድ የያዟትን ቆቅ ወይም ክንፏ የታሰረ ድርጭት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ «በድንጋይ ላስነሳልህ» የሚልም ይኖራል። ለዚህ አንድ ብር እንኳ አይክፈሉ። አንዴ ከከፈሉ በማግስቱ ብዙ ወጥመድ ይጠመዳል፣ ሰበቡም እርስዎ ነዎት። የአገሪቱ ሕግ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ይከለክላል፤ ወፎችም በዚሁ ሥር ናቸው። ልጆቹን መሸኘት የለብዎትም። በካሜራው መስኮት ያሳዩአቸው፣ ወፍ ሲያዩ በዝምታ በእጃቸው እንዲጠቁሙዎት ይጠይቁ። ዓይናቸው ከእርስዎ ዓይን ይፈጥናል።

4. ዕቃዎን ያዘጋጁ

ውድ ዕቃ የግድ አይደለም። እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ በአጨዳ ማሳ ላይ ይበቃል፣ ወፉ የሚነሳው ከአጠገብ ነውና። ከ100 እስከ 400 ወይም ከ150 እስከ 600 የሚሄድ ካለዎት ለሽመላው ይጠቅማል። ለአጫጆቹ አንድ ሰፊ ሌንስ፣ ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለ፣ በሁለተኛ ካሜራ ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ሁለተኛ ካሜራ ከሌለዎት ስልክዎ ይተካል። ማሳ ላይ ሌንስ መቀያየር ትልቅ ስህተት ነው። የጤፍ ገለባና አቧራ ካሜራው ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ በእያንዳንዱ ሰማይ ላይ ጥቁር ጠብታ ያያሉ።

ትራይፖድ ለሽመላ እንጂ ለድርጭት አይሆንም፤ አንድ እግር ያለው መደገፊያ ወይም ባዶ እጅ ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪዎችን በዋዜማው ቀን ሳለ ይሙሉ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ፣ በአጨዳ ውስጥ እባብ አይታጣም። የሚበላም ይያዙ፤ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ግን ጾመ ነቢያት መሆኑን አይርሱ። በሚጾሙ ሰዎች መካከል የፍስክ ምግብ አውጥቶ መብላት ነውር ነው። ቆሎ ይያዙ፣ ለአጫጆቹም የሚበቃ ይሁን።

5. ካሜራውን ማሳ ከመግባትዎ በፊት ያስተካክሉ

ድርጭት ከእግር ሥር ተነስታ እስክትሰወር ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። የሹተር ፍጥነቱን ለድርጭት ከሰከንድ 1/2500 በላይ፣ ለቆቅና ለጅግራ 1/2000፣ ለሽመላ 1/1250 ገደማ ያድርጉት። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ላይ ያቁሙ። አይኤስኦውን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ይተዉት፤ ጠዋት ማለዳ 3200 ቢደርስ አይደንግጡ። በአይኤስኦ የመጣ ነጠብጣብ በኮምፒውተር ይቀንሳል፣ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ክንፍ ግን ማስተካከያ የለውም።

ፎከሱ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከተል ሁነታ ላይ ይሁን፤ በካኖን «ሰርቮ»፣ በኒኮንና በሶኒ «ኤኤፍ ሲ» ይባላል። አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ከመረጡ በራሪ ወፍ ላይ ማሳረፍ ይከብዳል፤ በመካከል ያሉ ጥቂት ነጥቦችን በቡድን ይምረጡ። ካሜራዎ የወፍ ዓይን የሚፈልግ ከሆነ ይጠቀሙበት፣ ነገር ግን ከፊት ለፊት የጤፍ ዘለላ ሲኖር እንደሚታለል ይወቁ። ተከታታይ ማንሻውን ከፍተኛው ላይ ያድርጉ።

ብርሃን ሲለኩ ካሜራ በሁለት ነገር ይሳሳታል። ጥቁር አፈር ላይ ያለች ነጭ ሳቢሳ ከመጠን በላይ ነጥታ ላባዋ ይጠፋል፤ ለእሷ ማስተካከያውን ወደ መቀነሻው አንድ እርምጃ ያውርዱ። በብሩህ ሰማይ ላይ የሚበር ሽመላ ደግሞ ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ለእሱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርምጃ ይጨምሩ። ስልክ ብቻ ያላቸው ሰዎች ቆቅን በስልክ ለማጉላት አይድከሙ፤ ስልኩን በሰከንድ 60 ምስል በሚቀዳ ቪዲዮ ላይ አድርገው አጫጆቹንና የሚነሳውን ወፍ በአንድነት ይቅረጹ። ያ ቪዲዮ ከደበዘዘ ፎቶ እጅግ ይበልጣል።

6. የሚቆሙበትን ቦታ ያሰሉ

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊወስዱበት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው።

አጫጆች በረድፍ ሆነው ከማሳው አንድ ወገን ይጀምራሉ፣ ነዶውን ከኋላቸው እየተዉ ይገፋሉ። ድርጭት ማጭዱን ስትሰማ ወዲያው አትነሳም፤ ዝቅ ብላ በእህሉ ውስጥ እየሮጠች ወዳልታጨደው ትሸሻለች። ቆቅም እንዲሁ በእግሯ መሸሽ ትመርጣለች። ስለዚህ በአጨዳው መጀመሪያ ላይ ብዙ ወፍ አይነሳም። ያልታጨደው ክፍል እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ትንሽ ቁራጭ ሲቀር የማሳው ወፍ ሁሉ እዚያች ቁራጭ ውስጥ ተጠራቅሟል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የቀኑ ዋጋ ናቸው። ብዙ ፎቶ አንሺ ገና ከመጀመሪያው ሲሮጥ ውሎ በዚያች ሰዓት ደክሞት ውኃ ሲጠጣ ያመልጠዋል። አጫጆቹን «የመጨረሻው የትኛው ጥግ ነው?» ብለው ጠዋቱኑ ይጠይቁ፤ እነሱ ያውቁታል።

ጥጉን ካወቁ ሦስት ነገር ያገናዝቡ። አንደኛው መሸሸጊያው ነው፤ የተነሳ ወፍ የሚበረው በቅርቡ ወዳለው ቁጥቋጦ፣ ቦይ ወይም ገና ወዳልታጨደ ጎረቤት ማሳ ነው። ከቁራጯና ከመሸሸጊያው መካከል፣ ከበረራው መስመር ወደ ጎን 20 ወይም 30 ሜትር ወጣ ብለው ይቁሙ። ያኔ ወፉ ከጎን በኩል፣ ዓይኑና ክንፉ እየታየ ያልፋል። መስመሩ ላይ በትክክል ከቆሙ ግን ወፉ እርስዎን አይቶ ይታጠፋል፤ አጫጆቹ ጀርባ ከቆሙ ያችን የታወቀችውን ጥቁር ነጥብ ያነሳሉ።

ሁለተኛው ፀሐይ ናት። በጠዋት ፀሐይ በስተምሥራቅ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ጀርባዎን ለምሥራቅ ሰጥተው የሚቆሙበትን ወገን ይምረጡ። ሦስተኛው ነፋሱ ነው። ወፍ ሲነሳ ነፋሱን በፊቱ መቀበል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባዎ ቢመጣ ወፉ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ይነሳል። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ገበሬው እህል ከማዝራቱ በፊት እንደሚያደርገው አንድ ጭብጥ ገለባ ወደ ላይ በተን አድርገው ይዩ። ፀሐይና ነፋስ አልስማማ ካሉ ለፀሐይ ያድሉ፤ በማለዳ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው።

ከቆሙ በኋላ ይቀመጡ ወይም ይንበርከኩ። ዝቅ ማለት ሁለት ጥቅም አለው፤ ወፉ አይፈራዎትም፣ ድርጭቷም ዝቅ ብላ ስለምትበር ከበስተጀርባዋ የሚታየው መሬቱ መሆኑ ቀርቶ የሩቁ ኮረብታ ይሆናል። አካባቢው ላይ የእህል ጠባቂ ማማ ካለ ባለቤቱን አስፈቅደው ከሥሩ ይቀመጡ፤ ወፎቹ ማማውን ለምደውታል፣ ከሥሩ ያለውን ሰው አይጠረጥሩም። ማማው ላይ መውጣት ግን ለፎቶው አይረዳም፤ ከላይ የታየ ወፍ ጀርባ ብቻ ነው።

ነዶ አይርገጡ፣ በነዶ ላይ አይሻገሩ፣ ወዳልታጨደው እህል አንድ እርምጃ እንኳ አይግቡ፤ የሰው ዓመት የተቋጠረው እዚያ ነው። ከማጭዱ ረድፍ ፊት ለፊትም አይቁሙ።

7. ወፉ ሲነሳ

ዓይንዎን ካሜራው ላይ ለጥፈው አይጠብቁ። ሁለቱንም ዓይንዎን ከፍተው ከካሜራው በላይ ቁራጯን ይመልከቱ፣ ካሜራው ደረትዎ ላይ ዝግጁ ይሁን። ወፉ ሲነሳ ዓይንዎን ከወፉ ላይ ሳያነሱ ካሜራውን ወደ ዓይንዎ ያምጡ። ሌንሱን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አያስረዝሙ፤ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ከጀመሩ ወፉን በቀላሉ ያገኙታል። በ600 የጀመረ ሰው ሰማይ ለሰማይ ሲፈልግ ወፉ ያርፋል።

የመጀመሪያዋ ወፍ ብዙ ጊዜ ታስደነግጣለች፣ እጅም ያንቀጠቅጣል። ካመለጠችዎት ይተዉአት። ጀርባዋን ለመከተል ሲዞሩ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይነሳሉ። ቆቆች በተለይ ቤተሰብ ሆነው ስለሚውሉ አንዷ ከተነሳች ሌሎቹ በየተራ ይከተላሉ፣ መንገዳቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያዋ መንገዱን አሳየችዎት፤ ለቀጣይዋ እዚያው ይጠብቁ።

ሲያነሱ እግርዎን ተክለው ከወገብዎ ይዙሩ። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላም ካሜራውን ከወፉ ጋር ማዞር አያቁሙ፤ ሲጫኑ የሚቆም እጅ ነው ብዙውን ፎቶ የሚያደበዝዘው። ከወፏ ፊት ለፊት ከኋላዋ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ፣ የምትሄድበት እንዲታይ።

ያረፈችውን ወፍ ተከትለው ወደ ቁጥቋጦው አይሂዱ። የደከመችን ድርጭት ደጋግሞ ማስነሳት ለጭልፊት አሳልፎ መስጠት ነው።

8. አጫጆቹን ከወፉ ጋር በአንድ ፎቶ

ወፍ ብቻዋን ያለችበት ጥርት ያለ ፎቶ ያምራል፤ የዚህ አገር ፎቶ መሆኑን የሚናገረው ግን ቀና ብሎ ወፏን በዓይኑ የሚከተለው አጫጅ ነው። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምመኘው ይህን ፎቶ ነው። ለእሱ ሌንሱን ወደ 70 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ይመልሱ፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ወይም 11 ያጥብቡ፣ ፎከሱን በቅርቡ ባለው አጫጅ ላይ አድርገው ይጠብቁ። ወፏ ትንሽ ብትደበዝዝ ግድ የለም፤ የሰዎቹ ፊት ታሪኩን ይሸከመዋል። ያልታጨደው ቁራጭ ሲጠብ ረድፉ ስለሚከብ ፊቶች ወደ እርስዎ ይዞራሉ።

ሲያርፉና ሲመገቡ ካሜራውን ያስቀምጡ። ከተጋበዙ አብረው ይቅመሱ፤ ከፈቀዱልዎት ከዚያ በኋላ ያንሱ። የሴቶችን ፎቶ ሲያነሱ ራሳቸውን ያስፈቅዱ፤ የባል ወይም የወንድም ፈቃድ የእሳቸውን አይተካም። የሥራ ዘፈናቸውን ለመቅዳት ከፈለጉ ቀድመው ይናገሩ፣ የት እንደሚያሳዩትም ይግለጹ።

9. ሽመላዎቹን በጣና ዳር

ለሽመላ የቆቁን ዘዴ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ሽመላ ቀን ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የወዳደቀ እህል ይለቅማል፣ ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። እናትና አባት ከልጃቸው ጋር ስለማይለያዩ በሰማይም በማሳም ሦስት ወይም አራት ሆነው ያዩአቸዋል፤ ራሱ ላይ ቡናማ ያለበት የዓመቱ ጫጩት ነው። ፎቶውን ሲያቀናብሩ ቤተሰቡን አይቁረጡት።

የሚያነሱት በማለዳና በማታ፣ በማደሪያና በመመገቢያ መካከል በሚበሩበት መስመር ሥር ቆመው ነው። መስመሩ ከቀን ቀን ብዙም ስለማይለወጥ አንድ ማታ አይተው በማግስቱ ይዘጋጁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ይቀመጡ። ድምፃቸው ከአካላቸው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጥሩንባ የመሰለውን ጩኸት ሲሰሙ ካሜራውን ያንሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለወፉ ብርሃን መጨመሩን ይተዉና ቀዩን ሰማይ ይለኩ፤ ረዥም አንገትና የተዘረጋ እግር ያለው ጥላ ብቻውን ይበቃል።

ማሳ ላይ ያለ ሽመላን በእግር አይጠጉት። ከመኪና ሳይወርዱ፣ በመስኮቱ ላይ የባቄላ ወይም የአሸዋ ከረጢት አድርገው ሌንሱን ያሳርፉበት። ሲመገቡ የነበሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ካቀኑ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ባሉበት ይቁሙ። ወደ አንድ አቅጣጫ መራመድ ከጀመሩ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሽመላዎቹ በረሩ ማለት ፎቶ አንሺው ጥፋት ሠራ ማለት ነው፤ ለመልስ ጉዞ የሚያከማቹትን ስብ በከንቱ አስጨረሷቸው።

በረግረጉ ውስጥ፣ ራሱ ላይ ዘውድ ያለውን ጥቁር ሽመላ ካገኙ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ወገን ነው፣ ጎጆውንም በክረምቱ ውኃ በረግረጉ ሣር መካከል ይሠራል። በክረምት ወደ ጎጆ አይጠጉ።

በታንኳ መሄድ ለዝይና ለዳክዬ እጅግ ይመቻል፤ ከውኃው ልክ ሆነው ያነሳሉ። ቀዛፊው አካባቢውን የሚያውቅ ይሁን፤ በጣናና በወንዞቹ አፍ ጉማሬ አለ፣ በተለይ ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣል። በጣና ዳር ውኃ ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር አይግቡ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያድርጉ። ማታ ለወባ ትንኝ መከላከያ ይቀቡ።

10. ከማሳ ከወጡ በኋላ

ማታውኑ ፎቶዎቹን ወደ ሁለተኛ ቦታ ይገልብጡ፤ ካርዱን ባዶ የሚያደርጉት ሁለት ቅጂ መኖሩን ካዩ በኋላ ነው። ዓይኑ ያልጠራ ወፍ፣ ክንፉ የተቆረጠ ወፍ ይሰርዙ። አጫጁ ያለበትን ፎቶ ግን ወፏ ብትደበዝዝም ለማግስቱ ያቆዩት፤ ማታ በድካም የተጣለ ፎቶ ጠዋት ሲያዩት ዋጋው ይታወቃል።

በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቀኑን፣ ወረዳውን፣ የእህሉንና የወፉን ስም ይጻፉ። የሽመላ ማደሪያንና የማንኛውንም ወፍ ጎጆ ትክክለኛ ቦታ ግን በአደባባይ አይለጥፉ፤ ፎቶውን ሲያጋሩም ስልኩ በራሱ የሚመዘግበውን የቦታ ምልክት ያጥፉ። «ጣና ዳር» ማለት ይበቃል።

አጫጆቹ ያሉባቸውን ፎቶዎች ባሕር ዳር ሲመለሱ በወረቀት ያሳትሙ፣ ለደቦ ጠሪው በሚታወቅ ሰው በኩል ይላኩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይድረስ፤ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ከቀረ ቅር ያሰኛል። ከፎቶዎቹ ጋር ስልክ ቁጥርዎን ይላኩ፣ በሚመጣው ዓመት ዳጉሳው መቼ እንደሚታጨድ የሚደውልልዎት ሰው ይኖርዎታል።